የግራው የኋላ መብራት

ደምሴዬ፣

ከሁሉ በፊት ሰው የሚያወራውን ላርም። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች «የደምሴ ሚስት ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ገብታ ከባሏ መንፈስ ጋር ታወራለች፤ እሱም መብራት እያበራ ይመልስላታል» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞሬ ላስረዳቸው አሰብኩና ሰልፍ ማዛባት ስለማልወድ ተውኩት። ለአንተ ግን በትክክሉ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ማታ አይደለም፤ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የማወራው ከመኪናዋ ኋላ ከምትቆመው ከጎረቤታችን ከዘይነባ ጋር ነው። እኔ ፍሬን ስረግጥ የትኛው መብራት እንደበራ የምትነግረኝ እሷ ናት። ወሬውን ስነግራት «ታዲያ እኔ የት ገባሁ? ፀሐይ ላይ ተገትሬ የከረምኩት እኔ፣ ስሙ የመንፈሱ!» ብላ ተቀየመች። ከአንተ ጋር ማውራት የጀመርኩት ገና አሁን፣ በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ከተለያየን ሰባት ወር አለፈ። ልጃችን ሰናይት ወደ አዲስ አበባ ተዛውራለች፤ አሁን እኔን ልትወስደኝ መጥታ እቤት ናት። «እማዬ፣ በዚህ በአሰብ ሙቀት ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንተን እዚህ ትቼ መሄድ አልፈልግም። መቃብርህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በስተግራ ነው፤ ጉልበቴ በእግር አያደርሰኝም፤ የሚያደርሰኝ ያቺው አሮጊት መኪናችን ናት። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ መኪናዋ እንድትፈርድ ተስማማን። ከነገ ወዲያ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ አለባት። ካለፈች እዚሁ እቀራለሁ። ከወደቀች ለብረት ገዢ ተሰጥታ እኔ ከሰናይት ጋር እሄዳለሁ። ሰናይት እሺ ያለችው እንደማታልፍ እርግጠኛ ስለሆነች ነው፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ።

ሞተሯ ደህና ነው። ያስቸገረችኝ በግራው የኋላ መብራት ነው። የፊት መብራቱን ሳበራ ከኋላ ሁለቱም ይበራሉ፤ ግራው ግን ደከም ይላል። በዚያው ላይ ፍሬን ስረግጥ የቀኙ ይደምቃል፣ የግራው ይጠፋል። ለመታጠፍ የግራውን ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ አጠገቡ ያለው ቀይ መብራት አብሮ ይርገበገባል። ዘይነባ «ኧረ እትዬ፣ ይሄ መብራት ይጠቅሰኛል!» ትላለች። አምፖሎቹን አዲስ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራው ሰው መጥቶ አንገቱን ነቀነቀና «ሽቦው በሙሉ አርጅቷል፣ ይቀየር» አለ። የትኛው ሽቦ እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም» አለኝ። «ሁሉም» መልስ አይደለም። በልጅነቴ ያስተማሩን መነኩሲት እንዲህ ብዬ ብመልስላቸው ኖሮ ግድግዳ አስደግፈው ያቆሙኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የጀመርኩት ለምርመራው ብዬ ነው፤ ኋላ ግን ነገሩ ራሱ ያዘኝ። እንጀራ እየበላሁ አስበዋለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር አሰብኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የማታው፣ የፍሬኑና የፍሬቻው፣ ሦስት መብራቶች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽቦ ይመጣላቸዋል። ሦስት ሽቦ በአንዴ አይታመምም። እንግዲያው የሚጋሩት ነገር ምንድን ነው?

መልሱን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። መኪና መንዳት ስታስተምረኝ ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ አሸዋው ላይ ሞተሩን አጥፍቼብህ ግመሎች ከበውን የቆምንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ግመሎቹ እስኪያልፉ ስንጠብቅ፣ የቤታችን አምፖል ሁለት ሽቦ ሲኖረው የመኪናዋ ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ጠየቅኩህ። ጣራዋን በጡጫህ መታ መታ አደረግህና «ሁለተኛው ሽቦ ይኸው፣ ውስጡ ተቀምጠሽበታል» አልከኝ። ኤሌትሪኩ በሽቦ ሄዶ በመኪናዋ ገላ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ መካኒኮቹ ማሳ ይሉታል። ሦስቱ መብራቶች የሚጋሩት መመለሻውን ነው! መመለሻው ከተዘጋ የአንዱ ኤሌትሪክ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል።

ዛሬ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወሰድኩ። አንዱን ጫፍ ከመብራቱ ቤት ብረት ጋር፣ ሌላውን ተፋፍቆ ከሚያብረቀርቀው ከኋላ ክዳኑ ቁልፍ ጋር አገናኘሁ። ፍሬኑን ሰናይት እንድትረግጥ ጠራኋት፤ እያጉረመረመች ረገጠች። ዘይነባ «ማሻአላህ! ቀላ!» ብላ ስትጮህ ሰናይት ከመኪናዋ ወርዳ መጣች። ብዙ ቆማ አየችው።

የተዘጋበትን ቦታ አገኘሁት፣ ደምሴዬ። አሰብ ውስጥ ብረት ያለው ሰው ሁሉ ቀቢ ነው። አልጋውን፣ በርሜሉን፣ አጥሩን ከባሕሩ ጨው ለማዳን ከመርከብ በተረፈ ቀለም የማይቀባ የለም፤ ከሁሉ የባስክ ደግሞ አንተ ነበርክ። ከመታመምህ በፊት መብራቱን ፈተህ ውስጡን ሁሉ ግራጫ ቀለም ቀብተኸዋል። ሦስቱን መብራቶች ከገላዋ የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ የሚታሰርበትን፣ ራቁቱን መሆን ያለበትን ያንን አንድ ቦታ ሳይቀር አልብሰኸዋል። ሽቦውን ያሰርከው በቀለሙ ላይ ነው። ቡሎኑ እንደምንም ትንሽ ሲያሳልፍ ቆየ፤ የቀረውን ጨው ጨረሰው። ከዝገት ልታድናት ብለህ ነው ያሳወርካት።

የመፋቂያውን ወረቀት ይዤ ጎንበስ አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ቀለሙ ላይ ከብሩሽህ የረገፈች አንዲት ጸጉር ተጣብቃ ደርቃለች። የእጅህ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሰናይትም ጎንበስ ብላ አየቻትና «ይቆይ፣ ለነገ ይደር» አለችኝ። ቆየ።

ቃል የምገባልህ በየዓመቱ እንደ አንተ እንደምቀባት ነው፤ ያቺ አንድ ቦታ ብቻ ስትቀር። በቀባኋት ቁጥር የማስበው ጣራውን የመታኸበትን ቀን ይሆናል።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ እፈታለሁ። ከዚያ ከቡሎኑ ሥር፣ የሽቦው ቀለበት የሚያርፍበትን ያህል ብቻ፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ እፍቃለሁ፤ ጸጉሯ ወዳለችበት አልደርስም። ቀለበቱን አጥብቄ አስራለሁ፣ በላዩ ግራሶ እቀባለሁ፣ ባትሪውን እመልሳለሁ። ዘይነባን እጠራለሁ። ሰናይትን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። የግራውን ፍሬቻ አበራና ወደ አንተ እታጠፋለሁ።