ያልተላከው አረቄ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 9

ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር ደወለ። የሚደውለው አረቄው ሲያልቅበት ነው፤ እኔም ከአንኮበር አስመጥቼ በመንገደኛ እልክለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሰው አሳፍሮ፣ ጠጥቶ ጀልባ ሲነዳ ተይዟል።

«ሕጉ ይከለክላል ብለው በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ» አለና ሳቀ። «ሐይቅ ላይ ምን እገጫለሁ ጋሼ? ጉማሬ?»

«መሪ እስከያዝክ ድረስ ከእኔ አረቄ አታገኝም።»

«እንግዲያው ደህና ሁን» ብሎ ዘጋው።

ልክ ነኝ። ሰው ቢሰጥምበት አረቄውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ግን ከእሱ ሌላ የሚደውልልኝ የለም። ትናንት የመጣልኝን ጠርሙስ አፉን በላስቲክ አስሬ ለመንገደኛ አዘጋጅቼው ነበር። እስካሁን አልፈታሁትም።