የጊታሩ አንገት

ሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1999

ጊታሬን በወንድሜ ጀርባ ላይ ሰበርኩት።

የግራ እጄ አመልካች ጣት በጨርቅ ታስሯል። ክሩ ሲበጠስ ነው የሸረከተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ዋጫ ከተማ ላለብን ሰርግ ልምምድ አለን ብዬ ጊታሬን ይዤ በዳኜ በር ሳልፍ አስቴር ስትጮህ ሰማሁ። አስቴር የታላቅ ወንድሜ የዳኜ ሚስት ናት። ጩኸቷን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል። እኔም ለምጄው ነበር፣ አፈር በበላሁ። ዛሬ ግን ጩኸቱ መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በሩን በእርግጫ ብዬ ስገባ ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ፊቷን ከግድግዳ ጋር ያላትማል። እሷ በክንዷ ፊቷን ልትሸፍን ትታገላለች። "ጋሼ ተው!" አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ። በእጄ ምን እንደያዝኩ አላሰብኩም።

ሳጥን ጊታር ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ደረቅ ቅል ፈነዳ። ዳኜ በአፍጢሙ ተደፋ። አንገቱ ብቻ በእጄ ቀረ፣ የጊታሩ ማለቴ ነው። ክሮቹ ተንጠልጥለው ጡዝ ይላሉ።

የሚያሳፍረኝን ልጻፈው፦ ደስ አለኝ። ሲወድቅ ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ የምመታበት ነገር በዓይኔ ስፈልግ ነበር። አስቴር ባትጎትተኝ ኖሮ እንጃ።

አስቴርን እማዬ ቤት ይዣት መጣሁ። የፊት ጥርሷ የለም። ዳኜን ከልጅነቴ ጀምሮ "ጋሼ" ነበር የምለው፤ ከዛሬ ጀምሮ ዳኜ ነው።

ማክሰኞ፣ ጅማ

ሌላ ጊታር ልገዛ በጠዋቱ አውቶብስ መጣሁ። የባንዱ መሪ ታምሩ ትናንት ስነግረው አላዘነልኝም። "ወንድምህን ግደለው፣ ሰርጉን ግን እንዳታበላሽብኝ" አለ። ቀልዱ ነው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ "ግደለው" የምትለዋን ሳመነዥግ መጣሁ።

ሱቁ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ሁለት ብቻ ነው ያለው፣ ጥቁርና ቀይ። ሁለቱም ድፍን እንጨት። ሳጥን ለለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ሆድህ ላይ አይንቀጠቀጥም፣ አይተነፍስም። አምፕሊፋየር ላይ ካልሰኩት ድምፁ የትንኝ ነው።

ጥቁሩን ሰካሁት። ትዝታ ስቃኝበት ባለሱቁ ስልኩን ትቶ ዞር አለ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ልክ የድሮዬን ይመስላል፣ እንደውም ያለ ፉጨት። የድሮዬ ድምፅ ከፍ ሲደረግ ያፏጭ ነበር። አንገቱ ወፈር ይላል፣ ግን መዳፍ ይሞላል። ክብደቱ ቀላል።

ቀዩን ሰካሁት። ቆርቆሮ! ቀጭንና ጯሂ። አንገቱ ግን ቀጭን ነው፣ ጣቶቼ እየተንሸራተቱ ይሄዱበታል። ክሩ ለስላሳ ስለሆነ የታመመውን ጣቴን ብዙም አልጎዳውም። ክብደቱ ለጉድ ነው።

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቀዩን አንገቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ አነሳሁት። ዝም ብዬ መዘንኩት። አንዴ ወደ ትከሻዬ፣ አንዴ ወደ ታች።

ባለሱቁ ሳቀ። "ወንድሜ፣ ጊታር ነው ዱላ የምትመርጠው?"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀዩን ገዛሁ።

አሁን አልጋ ይዤ እያየሁት ነው። ጆሮዬ ጥቁሩን ብሏል፣ በደንብ ሰምቼዋለሁ። የመረጠው ክንዴ ነው። ሞኝ!

ረቡዕ፣ ቦንጋ

ጎጀብ ላይ ጎማ ተበሳና ከሰዓት ገባሁ። አቧራ ቅሜ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ። ግቢው በር ላይ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

ዳኜ የእማዬን እንሰት ጨፍጭፎታል። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በገጀራ። ግንዱ ተቀዶ ውሃው እየፈሰሰ ነው። አባታችን የተከላቸው ነበሩ አብዛኞቹ። ገና ቆጮ ያልደረሰላቸውን እንኳ አልማረም። አስቴር ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቃ ዘግታ ነው የተረፈችው።

እማዬ በአማርኛ ማልቀስ አይሆንላትም። በካፊኛ እየተራገመች ታለቅሳለች፣ ደግሞ ወዲያው እርግማኑን ትመልሰዋለች፣ ልጇ ነዋ!

"እንሰት ምን አደረገው?" አልኩ።

"እንሰት አይደለም የጨፈጨፈው" አለች አስቴር ባበጠ ከንፈሯ። "እኔን ነው። እኔን ሲያጣ ነው።"

ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቆሞ ነበር አሉ። ማንም አልያዘውም። የቤተሰብ ጠብ ነው አሉ።

ገጀራው አሁንም እጁ ላይ ነው። ስተኛ ቀዩን ጊታር አጠገቤ አስተኛዋለሁ፣ አንገቱ ወደ እጄ። ጨለማ ውስጥ ሳልፈልግ እንዳገኘው።

ሐሙስ

ልምምድ። ታምሩ ገና ሁለት ምት ስመታ ማይኩን ዝቅ አደረገ። "ይሄን ቆርቆሮ ከየት አመጣኸው? ጅማ ድረስ ሄደህ?"

ለወንድሜ የሚበቃ ዱላ ፈልጌ ነው ልበለው?

ጥሩ ጥሩውን ልጻፍ፣ አለዚያ እብድ እሆናለሁ። ድምፁ ቶሎ አይሞትም። የድሮዬን አንዴ ስትመታው ድም ብሎ ይጠፋል፤ ይሄኛው ክሩን ገፋ አድርገህ ብትይዘው እንደ አልቃሽ ይጎትተዋል። ለትዝታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መጥፎው ደግሞ ትከሻዬን ገነጠለው። ቀጫጭኖቹ ክሮች ጆሮ ይወጋሉ።

ጣቴ ተከፈተ። የአንገቱ ብረቶች መሃል ደሜ ገብቶ ደረቀ። ጠርጌው አልለቅ አለ።

ታምሩ ሲሸኘኝ "ዳኜ ጠጅ ቤት ተቀምጦ አንገቱን ነው የምለው እያለ ነው" አለኝ። የማንን አንገት አልኩት። "የአንተንም የአስቴርንም" አለ።

አርብ

ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው ጋሽ አደሎ ናቸው፤ የአባታችን ወዳጅ ነበሩ፣ በሰፈሩ ቃላቸው አይወድቅም። ደስ አለኝ፣ ስለ አስቴር የመጡ መስሎኝ።

የመጡት ስለ ዳኜ ጀርባ ነው!

"ልጄ፣ ታላቅ ወንድም አባት ነው" አሉኝ። "አባትህን በእንጨት መታህ። ነገ ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ላይ ትወድቃለህ። እሱ ድንጋዩን ያነሳልሃል፣ ይቅር ለእግዜር ይላል፣ ነገሩ ያልቃል።"

"የአስቴር ጥርስስ ጋሽ አደሎ?"

"እሱ የባልና የሚስት ገመና ነው። በኋላ ትመለሳለች፣ ይመከራል።"

"የእማዬስ እንሰት?"

"ንዴት ነው። አንተ ነህ ያናደድከው።"

ልናገር ስል እማዬ ጉልበቴን ያዘች። "ከሁለት አንዳችሁን ከመቅበሬ በፊት ድንጋዩን ተሸከምልኝ" አለች። እሺ አልኩ።

አስቴር ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። "ትመለሳለች" የተባለችው እሷ ናት፣ ማንም ግን አልጠየቃትም። እኔም ጭምር። ይሄንን አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።

ቅዳሜ



ድንጋይ ሲፈለግ አንዱ ሽማግሌ ከእማዬ ጓዳ የወፍጮውን መጅ አምጥተው አንገቴ ላይ ጫኑት። ከባድ ነው፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ተንበረከክሁ። ጊታሩ ግድግዳው ስር ነበር፤ እንሰቱን ካየሁ በኋላ ብቻውን አልተወውም፣ የሄድኩበት ሁሉ አብሮኝ ነው።

ዳኜ ገጀራውን በር ላይ አስረክቦ ገብቷል። ቁልቁል ያየኛል። "በለው" አሉኝ ጋሽ አደሎ። "ጋሼ፣ ይቅር በለኝ" አልኩ። ጋሼ የምትለዋን ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ነው ያወጣኋት። ድንጋዩን አነሳልኝ። "ይቅር ለእግዜር" አለ። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑ። ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

አስቴር ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳችው። ከንፈሯን፣ ክፍት የሆነውን ድዷን፣ የተነቀለውን ፀጉሯን ሁሉም አየ።

"ለጀርባው ድንጋይ ተሸከማችሁለት" አለች። "ለኔ ማን ነው የሚሸከመው?"

ጋሽ አደሎ "እውነቷን ነው" አሉ። ከዚያ መጁን በበትራቸው ነካ አድርገው "ዳኜ፣ አንሳው" አሉ።

ዳኜ ጎንበስ ብሎ አነሳው። እውነቴን ነው የምለው፣ አንገቱ ላይ የሚያደርገው መስሎኝ ነበር። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታለች።

ወረወረው። በእሷ ላይ!

ትከሻው ሲሰበቅ አይቼው ነበር። ጊታሩን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም፣ ፊቷ ላይ ጋረድኩት። መጁ ድፍኑ እንጨት ላይ ሲያርፍ ንዝረቱ እስከ ጥርሴ ደረሰ። የድሮው ሳጥን ቢሆን ኖሮ በስቶት አልፎ ጭንቅላቷን ያገኘው ነበር።

ከዚያ አንገቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጅማ ላይ እንደመዘንኩት፣ ልክ እንደዚያው ወደ ትከሻዬ አነሳሁት። ዳኜ ግድግዳው ተጠግቶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሰኞ አስቴር እንደዚያ ነበር ልትሸፍን የታገለችው። ጭንቅላቱ እዚያ ነው። አንድ ምት ብቻ።

"አድማሱ ተው!" አለች አስቴር። "በኔ ስም እንዳትገድል! የኔን ነገር ደግሞ የናንተ ልታደርጉት ነው?"

እግዜር ያውቃል፣ ልመታው ነበር። ያቆመኝ ወንድሜ መሆኑ አይደለም። እሷ ናት።

አወረድኩት።

አስቴር ነጠላዋን አስተካክላ "ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ነው" አለች። "ዛሬ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ገመና የለም።" ወጣች። ጋሽ አደሎ በትራቸውን አነሱ፣ ኮፍያቸውን ደፉ፣ ከኋላዋ ሄዱ። የቀሩት ሽማግሌዎች ተያይተው እነሱም ተከተሏቸው። አንደኛው ግን በሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ወደ ቤቱ ተጠመዘዘ፣ አይቼዋለሁ። ዳኜን አመሻሹ ላይ ፖሊስ ወሰደው።

እሁድ፣ ጥር 20

ዋጫ ደርሼ መጣሁ። ሰርጉ ደመቀ። የጊታሩ ቀይ ቀለም መሃሉ ላይ ተፈርፍሮ እንጨቱ ጎድጉዷል። ሰው ሁሉ ምን ነካው ይላል። ወደቀብኝ እላለሁ።

የሚገርመው ድምፁ አልተለወጠም፤ ድፍን ነዋ። ሁለት ክር ብቻ ቅኝቱ ወርዶ መለስኩት። ከዚያ የቶኑን ቁልፍ ዝቅ፣ አንገቱ ስር ያለውን ድምፅ ተቀባይ ፒካፕ ብቻ ከፈት፤ ቆርቆሮነቱ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ አልሞከርኩትም እኮ! ለድምፁ መች ጊዜ ሰጠሁት። ትዝታው ላይ ክሩን ገፍቼ ስይዘው አንዲት አሮጊት አለቀሱ። ታምሩ ጆሮዬ ስር "አሁን ገና ጊታር ገዛህ" አለኝ።

ስመለስ ቤት ውስጥ አስቴር ብቻዋን ናት። መጁን አጥባ ወፍጮው ላይ መልሳዋለች። እማዬ ለዳኜ ምሳ ቋጥራ ጣቢያ ሄዳለች። አልተናደድኩም። ትንሽ ተናደድኩ።

"ነገ ቃል እሰጣለሁ" አለች አስቴር። "ጋሽ አደሎ እመሰክራለሁ ብለዋል። ያደርጉት ይሆን?"

"እንጃ" አልኩ። እውነቱ ይሄ ነው። ዳኜም ዛሬ ይሁን ነገ ይወጣል፣ ገጀራ ደግሞ ገበያ ሞልቷል።

"ስጠኝ እስቲ" አለችና ጊታሩን ተቀበለችኝ። የጎደጎደውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ አንገቱን ይዛ ከፍ አደረገችው፣ ልክ እኔ እንዳደረግኩት። ዓይኔን ከእጇ ላይ መንቀል አቃተኝ።

"ይከብዳል" አለች። መለሰችልኝ።

አሁን አልጋዬ ስር አስገብቼዋለሁ። ዛሬ አንገቱን ወደ ግድግዳው ነው ያዞርኩት።