ለእማዬ ወገብ የታዘዘው ፍራሽ

ማክሰኞ

ገባ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ መጣ። ሾፌሩ ሲያወርድልኝ «እትዬ፣ ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ ቧንቧ?» አለኝ። ላስቲኩን ስቀደው ግን እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ሻጩ ኢንተርኔት ላይ የጻፈው፦ ጠንካራ፣ ለወገብ የሚሆን፣ አሥር ዓመት የማይሰምጥ። ካልተስማማ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ይመለሳል። አሥር ዓመቱን አላመንኩም። ሰባቱ ቀን ይበቃኛል።

የእማዬ ወገብ ከተያዘ አራት ወሩ። ደሴ ያዩዋት ሐኪም «ጠንካራ ላይ ትተኛ» ብለዋል። ብብቷን ይዤ ካላነሣኋት ከአልጋ አትወርድም። ይኼ እንዲቀር ነው የገዛሁት። የጥጥ ፍራሿን አንሥቼ አዲሱን ጠፍር አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት።

ረቡዕ

አልሆነም። «ልጄ፣ ጉድጓድ ውስጥ አሳደርሽኝ» አለች። ለሱብሂ ሶላት ሳነሣት ጮኸች።

ራሴ ተኛሁበት። መካከሉ ይሰምጣል። ፈረድኩ፦ ስፖንጁ ለስላሳ ነው። ስፖንጅ አውቃለሁ፤ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ሦስት ዓመት ሸጫለሁ።

ለሻጩ እንደምመልሰው ጻፍኩለት። «ችግር የለም እህቴ፣ ብቻ ንጹሕ ይሁን» አለ። ሚኒባሱ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጠቅልዬ አሰርኩት። እንደ አመጣጡ አልጠበበም፤ በጉልበቴ ብጫነውም እምቢ አለ። እማዬ ወደ ጥጧ ተመለሰች።

ሐሙስ

ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

የቅሬ፣ የዕድራችን፣ ሴቶች ለለቅሶው ቤት ፍራሽና ሰሌን ሊሰበስቡ በየቤቱ ዞሩ። የምትመራቸው ተዋበች የታሰረውን አየችው።

«ይሄስ?»

«የሚመለስ ነው።»

«የት?»

«አዲስ አበባ።»

«አዲስ አበባ ደግሞ ማን ሞተ?»

ሴቶቹ ሐዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። የእኔን ውሰዱ አልኩ። ተዋበች የእኔን ስስ ፍራሽ በእግሯ ነካ አድርጋ ተወችው።

እማዬ ከውስጥ ሰምታለች። «አዲሱን ስጫቸው።»

«እማዬ፣ ከቆሸሸ አይመልሱልኝም።»

«ይማም የአባትሽን ቃሬዛ ተሸክሟል። ሚስቱ ሲሚንቶ ላይ ትቀመጥ?»

ሰጠሁ። ተናደድኩም። ለማንም አልናገረውም፤ እዚህ ግን ይጻፍ።

ዓርብ

ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ፍራሼ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የጋሽ ይማም ባለቤት እትዬ ፋጡማ መካከሉ ላይ፣ እህቶቻቸው ግራና ቀኝ። ሦስቱም ደልዳላ ናቸው። ረፋድ ላይ አንደኛዋ ሻይ ደፉበት። አበቃ።

ለሻጩ እውነቱን ጻፍኩ። «ይቅርታ እህቴ፣ እንግዲህ አይሆንም» አለ። ልክ ነው፤ አልተከራከርኩም።

ከሰዓት በኋላ ጥጉ ላይ ቦታ ሰጡኝ። ተቀመጥኩ። አልሰመጠም። አንድ ክርኔ ላይ ክብደቴን በሙሉ ጣልኩ። ወለሉ አልነካኝም። ሴቶቹ ለሶላት ሲነሡ የተቀመጡበት ሥፍራ ቀስ ብሎ ሞላ።

ተዋበች «ምን ያገላብጥሻል?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ወገቤን።»

«በእናትሽ ወጣሽ!»

እዚያው፣ ሰው እያለቀሰ፣ ገባኝ። የሰመጠው ፍራሹ አይደለም፤ ጠፍሩ ነው። አልጋው በዕድሜ እኔን ይበልጣል፤ ጠፍሩ ረግቦ እንደ ዘንቢል ሆኗል። እኔ ደግሞ ስፖንጅ አውቃለሁ ባይ።

ቅዳሜ

ወንድሙ የሚባለውን አናጢ ጠራሁት። አልጋውን አይቶ «ጠፍሩን በጥሰን እንጣለው» አለ።

እማዬ «እጅህን ሰብስብ! ባሌ ያረደው በሬ ቆዳ ነው» አለችው።

ጠፍሩ ሳይነካ ከላዩ ስድስት ጣውላ ደረደረበት። ላገ፣ ገጠመ፣ በእግሩ ቆሞ ሞከረው። አልተንቀሳቀሰም።

«ቃሬዛ አስመሰላችሁት» አለች እማዬ።

«አብሽሩ እማማ። ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው አያማርርም።»

እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆየሁ። ወዲያው ወገቧን ያዘች።

እሑድ

የለቅሶው ሦስት ቀን አልፎ ፍራሹ ተመለሰ። ልብሱን አውልቄ አጠብኩት። ሻዩ አልለቀቀም። በማስመሪያ ለካሁት፦ መካከሉ ከዳሩ ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ከሦስት ሴትና ከሦስት ቀን በኋላ ግማሽ ጣት። ጥሩ ነው። ገልብጬ ጣውላው ላይ ዘረጋሁት። እማዬ ወጣችበት፤ «እንደ ድንጋይ ደረቀ» አለች።

ሰኞ

ለሱብሂ ላነሣት ገባሁ። በጎኗ ዞራ በክርኗ ተደግፋለች። ልይዛት እጄን ስዘረጋ «ተይ» አለች። ቆምኩ። ሁለቴ ዐረፈች። አንዴ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እግሯ መሬት ነካ፤ ተቀመጠች።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ውሃ አምጪ።»

አመጣሁላት። ነገም እንዲህ ትነሣ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አልያዝኳትም።