አምስቱ የጦርነት ሳጥኖችህ ገና አላረጁም

ውድ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ስለ ሐዘኑ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ደስ ብሎኝ ነው፤ ቅዳሜ የሆነውን ካንተ በቀር በደንብ የሚረዳኝ ሰው የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የቢከን ሂልን ሰፈር ለቀን ኬንት ወደምትባል ከተማ ገባን። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ለሥራዬ ግን ቅርብ ነው። ልጅህ ሜሮን አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። መኪና መንዳት እየተማረች ስለሆነ ፓርክ ስታደርግ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዕቃ ስንጠቀልል እነዚያን አምስት የጦርነት ጨዋታ ሳጥኖችህን ለበጎ አድራጎት ልሰጣቸው ለይቼ ነበር። አትቀየመኝ፤ ስንት ቅዳሜ የምግብ ጠረጴዛዬን ወርረውብኛል። ወጥ ይዤ ስመጣ አንተና ዋልተር፣ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኛህ፣ ካርታው ላይ አጎንብሳችሁ ከጥፍር የማይበልጡ የካርቶን ወታደሮች በወረንጦ ስታነሡ አገኛችሁ ነበር። «ትንሽ ጠብቂ፣ ይቺን መንገድ ካቋረጥን እንበላለን» ትለኛለህ። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱም አይቋረጥም።

ባለፈው ወር ዋልተር ኮል አደረገልኝ። ሊንውድ ያለው የጨዋታ ክበባቸው ሊወስን ነው አለኝ። የጨዋታው አዲስ ክፍል በኮምፒውተር ወጥቷል፤ አባላቱም «የካርቶኑ ጊዜው አልፏል፤ ደንቡ ብዙ ነው፣ ይንቀራፈፋል» ብለው ጠረጴዛውን ሊያነሡት ነው። ከመወሰናቸው በፊት ግን አንድ ጊዜ ሲጫወቱት ለማየት ተስማምተዋል። «ታድ ቢኖር እሱን እጠራ ነበር» አለ፤ እስከ ዛሬ ስምህን እንዳሳጠረው ነው። «የኔ እጅ እየተንቀጠቀጠ ካርቶኑን ማንሣት አቅቶኛል። አንቺ ትመጫለሽ?»

ሣቅሁ። እኔ ስለ ጦርነት ምን አውቃለሁ? ሳጥኖቹን ላደርስለት ብቻ ቃል ገባሁ።

ምንም እንዳልጎደለ ለማየት የመጀመሪያውን ስከፍት ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። ታደሰ፣ ለካ የጨዋታውን ደንብ በሙሉ ወደ አማርኛ መልሰኸዋል። የካርታውን ባለ ስድስት ጎን ቤቶች «ቀፎ» ብለሃቸዋል። ጥይት በዝቶበት መታዘዝ ያቃተውን የወታደሮች ጓድ «የተሸበረ» ብለኸዋል። በየገጹ ዳር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የራስህን ፍርድ ጽፈሃል። አራት ዓመት ወታደር እንደነበርህ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ጊዜ ግን አንድም ቀን አውርተኸኝ አታውቅም። «የተሸበረ ጓድ የሚረጋጋው አዛዡ አጠገቡ ሲደርስ ነው» ከሚለው ጎን «ይህ እውነት ነው» ብለሃል። «የቆሰለ ከካርታው ይነሣል» ከሚለው ጎን ደግሞ «ውሸት። የቆሰለ ሰው እዚያው ነው፤ ይጣራል» ብለሃል።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ለዋልተር ደወልኩና እኔ ራሴ እጫወታለሁ አልኩት።

ሦስት ሳምንት ከሜሮን ጋር ተለማመድን። ሳሸንፋት «ማም፣ ዩ ቺትድ»፣ አጭበርብረሻል ትለኛለች፤ ግን ጠረጴዛውን የምታዘጋጀው እሷ ናት። እውነቱን ልንገርህ፣ አራተኛው ሳጥንህ አይረባም፤ ለጭቃ ብቻ ያን ያህል ገጽ ደንብ ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ግን፣ ያ የመንደሩ ውጊያ፣ ልብ ያንጠለጥላል። በኋላ የመጡት ሳጥኖች ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው።

ቅዳሜ የገጠመችኝ ካረን የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ጠረጴዛው ይነሣ ያለችውም እሷ ነበረች። ጨዋ ሴት ናት። የኔ ሥራ በስምንት ዙር ውስጥ መንገዱን አቋርጬ ትምህርት ቤቱን መያዝ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ሁለት ጓዶቼ መሐል መንገድ ተሸበሩ። አዛዡ በድንጋይ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ከቆየ ማንም አይነካውም። አንተ ሁልጊዜ አዛዡን ታወጣው ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ይመታብህ ነበር። እኔ ደግሞ ባሌ መጫወት አይችልም እል ነበር።

አወጣሁት። ጓዶቹ እንዲረጋጉ ሁለቱን ዳይስ ስጥል የነጥቦቹ ድምር ከስድስት መብለጥ የለበትም፤ ሦስት ወጣልኝ። ጓዶቹ ተረጋግተው ተነሡ፣ መንገዱን አቋረጡ፣ ትምህርት ቤቱን ያዙ። ዙሪያችንን ከቦ የቆመው ሰው ሲንጫጫ ብትሰማው። አዛዡ ግን በሚቀጥለው ዙር ወደቀ፤ ያለ እሱ ደግሞ የመጨረሻውን ጥቃት መመከት አቃተኝ። በስምንተኛው ዙር ትምህርት ቤቱን ተቀማሁ። ተሸነፍኩ፣ ታደሰ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝም ተሸንፌ አላውቅም።

ካረን አዛዡን ያወጣሁበትን ቀፎ በጣቷ ነካች። «ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ይህን እኔ አድርጌው አላውቅም፤ እሱ ነው የሚያደርግልኝ» አለች። ጠረጴዛው ይቆይ ለሚለው መጀመሪያ እጇን ያወጣች እሷ ናት። ሌሎቹም ተከተሏት። ኮምፒውተሩም በአዳራሹ ሌላ ጥግ ገባ፤ አይቼዋለሁ፣ ፈጣን ነው፣ የመድፉ ድምፅ ያስደነግጣል፤ ሜሮን ወዳዋለች። ዋልተር ግን ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር።

ስንወጣ ካረን ደንቡን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ባሌ አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነበር አለችኝ። ሰው መሐል መንገድ ላይ ጥሎ የማይሄድ አልኳት። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስምህን አስጠራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሊንውድ ሄጄ ከዋልተር ጋር እቀመጣለሁ። ስላንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉም፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ለካረን የመለስኩትን እመልሳለሁ።

ሰናይትህ