መጨረሻው የጠፋው ድራማ

ልጄ ሕሩይ፣ የካ ሚካኤል በምትሄድበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እኔ ጉልበቴ የሰፈራችንን የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት እምቢ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ፤ ባትጠይቀኝም።

አባትህ እሁድ እሁድ ከቴሌቪዥን እየቀዳ ያጠራቀመውን ድራማ በሙሉ ላኪልኝ ብለሃል። ለቀብሩ ያልመጣህ ልጅ ካሴቱ ናፈቀህ! ይሁን። አቧራውን ጠርጌ ለጎረቤታችን ልጅ ለዙሌካ ሰጥቻታለሁ፤ ወደ እናንተ አገር ስትመጣ ታደርስልሃለች።

የመጨረሻው ክፍል ግን የለም። በሽኝትህ ቀን ቪዲዮ አንሺው ባዶ ካሴት ረስቶ ሲመጣ፣ ከመደርደሪያው አንስተህ የሰጠኸው እሱን ነበር። ድራማው ጠፋና አንተ ስትጨፍር ተቀረጸበት። አባትህ አልተቆጣህም። ከዚያ ወዲያ ግን "መጨረሻውን የቀዳ ሰው ታውቃላችሁ?" እያለ ሰፈሩን ሲጠይቅ ኖረ፤ አላገኘም። በኋላ በኋላ ድራማውን አይቶ ሲጨርስ ያንተን ካሴት ያስገባና "መጨረሻው ይኸው ነው" ይለኝ ጀመር።

ያንን ካሴት አልላክሁልህም። ዴኩ ሳይበላሽ፣ የእኔም ዓይን ሳይደክም መጥተህ እየው። እመብርሃን መንገድህን ታቅናልህ። አባትህን የምታቅፍበት ጋ ሲደርስ ካሴቱን ሁልጊዜ ያቆመው ነበር፤ ቦታውን አሳይሃለሁ።

እናትህ ወርቅአየሁ