በእርቅ ቀን ስለገባች ጎል

ለምዕራብ ኮከብ የእግር ኳስ ሊግ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሰብሳቢ አቶ በድሉ እንግዳወርቅ
አዲስ አበባ

አምቦ፣ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ያ አንድ ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ያየሁት የሚሽከረከር ወንበርዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ ድንቅቱ ካረፈች ወዲህ ጤናዬን የሚጠይቀኝ ሰው ስለቀነሰ እርስዎም ባይጠይቁኝ አልቀየምም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚጽፈው ሰውዬ «አባባ፣ እኔ ላሳምርልዎ» ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ያሳመረው ማመልከቻ ሁሉ ሲሄድ እንጂ መልሱ ሲመጣ አይቼ ስለማላውቅ የራሴን መረጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ የተጣመመ ፊደል ቢያገኙ ያቅኑልኝ፤ የተጣመመ ነገር ካገኙ ግን እሱ የእኔ አይደለም፣ ከቢሮዎ የመጣ ነው።

እንዳይደክሙ ዋናውን ነገር ከፊት አስቀምጣለሁ። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴያችሁ ባለፈው ሰሞን ባወጣው ውሳኔ፣ የእኛን የአምቦውን ሁሉቃ ቡድንና የጉደሩን ቡድን «ተመሳጥረው ውጤት አጭበርብረዋል» ብሎ ሁለቱንም ከሊጉ ሰርዟቸዋል፤ ሁለቱን አምበሎችም ለሁለት ዓመት ኳስ እንዳይጫወቱ አግዷቸዋል። የሁሉቃው አምበል ጉታ ልጄ ነው። ታላላቆቹ ትዳር ይዘው ርቀዋል፤ እናቱ ካረፈች ወዲህ ከአንድ ትሪ የምንበላው እኔና እሱ ብቻ ነን። ውሳኔው ከተነበበለት ቀን ጀምሮ በሱዳን በረሃ አድርጎ ወደ ሊቢያ ከሚያሻግር ደላላ ጋር ይነጋገራል። «አባዬ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ነው እኔን የሚያሰልፈኝ?» ይለኛል። መልሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ይግባኛችንን ማክሰኞ ታያላችሁ ስለተባለ ከማክሰኞ በፊት እንዲደርስዎ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው።

ሆኖም ጥድፊያ ጨዋነትን አያስቀርምና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ የጨዋታውን ሰዓት ስላሠለጠናችሁልን እናመሰግናለን። አምና ከቢሮዎ የመጡ ሁለት ወጣቶች አዳራሽ ሰብስበውን፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ «ትንሽ ሊግ ከዘመኑ ጋር ካልተራመደ ይሞታል» ሲሉ እውነት ነው ብዬ አጨበጨብኩ። መድኃኒቱን ሲነግሩን ግን እጄ አየር ላይ ቀረ። ጨዋታ ሁሉ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይሁን፣ የሠለጠነው ዓለም የሚጫወተው በዚያ ሰዓት ነው አሉ። አልዋሹም፤ የእንግሊዝ ኳስ በዲኤስቲቪ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። ጎረቤቴ ዳዲ ዲኤስቲቪ ቤት ስላለው ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ ይለምናል፤ ድሮ ግማሹ ባዶ የነበረው ቤቱ ዛሬ መቆሚያ የለውም።

ቅዳሜ ደግሞ የአምቦ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የመጣው ሰው በስምንት ሰዓት የሚሸጠውን ሸጦ፣ የሚገዛውን ገዝቶ፣ ከተማውን ሞልቶት ወሬ ይፈልጋል፤ በአሥር ሰዓት አህያውን ነድቶ መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ልጆቻችን የሚጫወቱት ለዳኛውና ሜዳው ዳር ለሚግጡት ፍየሎች ሆኗል። ፍየሎቹ ትኬት አይቆርጡም፤ ዳኛ ስለማይሰድቡ ግን ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው የተመቹ ተመልካቾች ናቸው። እኔ ብጠየቅ፣ አልተጠየቅሁም እንጂ፣ ጊንጪም ጉደርም ካቺሲም የየራሱ የገበያ ቀን አለው፤ ጨዋታውን ከገበያው ጋር አስኪዱት፣ እንግሊዝን ለዳዲ ተዉለት እል ነበር። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ይባላል። የእኛዋ እንቁራሪት ግን ምንም አላለች፤ የምትነፏት እናንተ ናችሁ።

2ኛ/ ሮባን ስለወሰዳችሁልን እናመሰግናለን። ሮባ አጥቂያችን ነበር፤ ግራ እግሩ የተባረከ ልጅ ነው። ከዋና ከተማው አንድ ትልቅ ክለብ መጥቶ ቱታ አልብሶ ወሰደው፣ የእናንተም ቢሮ ለሌላው ጉዳያችን ወር የሚፈጅበትን ማኅተም በአንድ ጠዋት መታለት። ለእኛ የተረፈን አብረን የተነሳነው ፎቶ ነው። አሁን እዚያ ተቀይሮ እንኳ አይገባም፤ ወንበር ያሞቃል። ካላሰለፋችሁት በውሰት መልሱልን፣ ወይም በእሱ ፈንታ ታዳጊዎቻችንን የሚያሠለጥን አንድ ሰው ላኩልን ብንል «ደንቡ አይፈቅድም» ተባልን። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከገበሬ ቤት ነው የወጣሁት። ጥጃዋን ከወሰደ በኋላ ላሚቱን ለምን አትታለቢም ብሎ የሚገርፍ ገበሬ በአገራችን አላየሁም፤ እንዲህ ያለ ሰው በቢሮ እንደሚገኝ ያወቅሁት በእናንተ ነው።

3ኛ/ ይህ ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ወንበርዎን አመቻችተው ይቀመጡ።

በጥቅምት ጉደር ሄደን ስንጫወት ከተመልካች የተወረወረ ድንጋይ ዓብዲሳ የሚባለውን የጉደር ተከላካይ ቅንድቡ ላይ መታው። ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። የወረወረው የእኛ ከተማ ልጅ ነው፣ አልክድም። ከዚያ ወዲያ የአምቦ ነጋዴ ጉደር ገበያ መውረድ ፈራ፤ የጉደር በሽተኛ አምቦ ለመታከም አጃቢ ፈለገ፤ የተቆረጠ የሠርግ ቀን እንኳ ፈረሰ። እናንተም በዚህ ጭንቅ ጊዜ አልተለያችሁንም፤ «ደጋፊዎች ስሜታቸውን እንዲቆጣጠሩ» የሚል ወረቀት ላካችሁልን። ወረቀቱን በር ላይ ለጠፍነው፤ የድንጋዩ ባለቤትም የዓብዲሳ ወንድሞችም አነበቡት፤ አንብበው ሲጨርሱም ዱላቸውን ከፍ አድርገው ያዙ።

ስለዚህ ለፈረንጅ ደንብ ሳይሆን ለአገር ደንብ የተተወ ሥራ መሆኑን አይተን፣ የሁለቱ ከተማ ሽማግሌዎች፣ በእኛ አነጋገር ጃርሳ ቢያ የሚባሉት፣ በመንገዱ መሀል ካለው ኦዳ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔም አንዱ ነበርኩ። የዓብዲሳ አባት ኦቦ መርጋ «ልጄ ፊቱን በመስተዋት ሲያይ አብሬው አያለሁ፤ ምን ታረቅ ትሉኛላችሁ?» እያለ ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ፣ በመጨረሻ እርጥቡን ሣር ከእጃችን ተቀበለ። ሣር ከተያዘ ቂም አለቀ። በዚያው ተቀምጠን የመልሱ ጨዋታ የእርቅ ቀን እንዲሆን ፈረድን። በእኛ ዘንድ ደግሞ በእርቅ ቀን ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም፤ ተሸናፊ ካለ እርቁ አልያዘም። ልጆቹን ጠርተን «እኩል ትወጣላችሁ» አልናቸው። እርቅ ምስክር ይፈልጋልና ዳኛውን ለምነን ጨዋታው ገበያተኛው ሳይበተን በስምንት ሰዓት እንዲጀመር አደረግን፤ እሳቸውም ሽቅብ ደመናውን አይተው «ሊዘንብ ነው» በሚል ሰበብ እሺ አሉ።

ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ባለመገኘትዎ አዘንኩ። ሰዉ ጤፉን ተሸክሞ፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ገባ። ትኬት አልቆ በሩ ተከፈተ። ኦቦ መርጋ ከእኔ ጎን ተቀመጠ፤ ዘወር ብሎ ግን አላየኝም። ጨዋታው እንደተጀመረ በረኛችንን አዳልጦት ጉደሮች ሳያስቡት ጎል ገባላቸው፤ ያገባው ልጅ ራሱን ይዞ ቆመ። ከወዲያ ማዶ አንዱ «እናንተ አምቦዎች፣ በረኛ ነው ወይስ በር ከፋች ያቆማችሁት?» ብሎ ሲጮህ ድንጋይ ይነሳል ብዬ ደረቴን ያዝኩ። የተነሳው ግን ዓብዲሳ ነው። ጠባሳው ገና ያልደበዘዘው ያ ልጅ ጓደኞቹን በክንዱ ወደ ጎን ገለል እያደረገ ለጉታ መንገድ ከፈተለት፣ ጉታም ኳሷን በዝግታ እየገፋ ሄዶ መረቡ ውስጥ አኖራት፣ ሁለቱም እዚያው ተቃቀፉ። እልልታው ከሁለቱም ወገን ነበር። ያን ጊዜ ኦቦ መርጋ ፊቱን ወደ እኔ መለሰና «ልጅህ ኳስ አይችልም ሂርጳ፤ ባዶ በር አግኝቶ እንኳ ሊስታት ነበር» አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር።

የሊጋችሁ ታዛቢ ከዚህ ሁሉ ያየው «የጉደር ተከላካዮች ሆን ብለው ቆሙ» የሚለውን ነው። አዎን፣ ቆመዋል። ቁማር የተያዘበት የለም፣ ጉቦ የበላ የለም፣ የተሸጠ ነገር የለም። በደንባችሁ ግን ሰው ተስማምቶ እኩል የሚወጣው ሌባ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህም በግድግዳ ላይ በሥዕል ስትፈልጉት የከረማችሁት ሕዝብ በእግሩ መጥቶ ሜዳውን በሞላላችሁ ዕለት፣ ቡድኖቹን ሰርዛችሁ ወደ ቤቱ መልሳችሁታል። የዘንድሮን ውድድር ያለ አምቦና ያለ ጉደር በሰላም እንደምትጨርሱት አልጠራጠርም፤ በመቃብር ሥፍራ ረብሻ የለም።

4ኛ/ የመጨረሻው ልመና ነው፤ ልመና ስለማልችል አጻጻፉ ካላማረ ይቅር ይበሉኝ። ድንቅቱን ሳጭ እንኳ የለመኑልኝ ሽማግሌዎች ናቸው።

እኩል ውጡ ያልናቸው እኛ ነን፤ ከሁሉ አስቀድሜ የተናገርኩትም እኔ። ልጆቹ እምቢ ቢሉ በከተማው ቀና ብለው ባልሄዱ ነበር። ጥፋት ነው ካላችሁ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ጥፋት ነው ብዬ አልፈርምም፤ ቅጣቱን ግን እፈርማለሁ። ሁለቱን ዓመት በእኔ ላይ ጻፉት፤ ሜዳ አልረግጥም፣ ከአጥሩ ውጭም ቆሜ አላይም፣ ዳዲ ቤትም አልገባም። ጨዋታው ይደገም። ባለፈው እሑድ ጉደር ወርጄ ከኦቦ መርጋና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ልጆቹን ከቃላቸው ፈትተናቸዋል፤ እርቁ ስለያዘ አሁን መሸናነፍ ይችላሉ። ኦቦ መርጋማ እንደሚገርፉን ከወዲሁ እየፎከረ ነው። በፈለጋችሁት ቀን፣ በፈለጋችሁት ሰዓት፣ በአሥርም ሰዓት ይሁን፣ ለፍየሎቹም ይሁን፣ ብቻ ይደገም።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በቀልድ ልይዘው ሞከርኩ፣ አልያዝ አለኝ። ልጄ የእህል ጣዕም ጠፍቶታል። ሁለት የሠፈራችን ልጆች በዚያ በረሃ ሄደው አንዱ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልተሰማም፤ እናቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። እኔ እንደሷ መነሳት አልችልም፤ ጉልበት የለኝም። አንድ መስመር ጻፉልኝ። «እገዳው ተነስቷል» የምትል። ሁለት ቃል ናት፤ የእኔ ዓይነት ፊደል የሚያውቅ ሰው እንኳ ይጽፋታል።

ደንቡ እንዳይነቀነቅ ሲሉ ራሳቸውም ለማይነቀነቁት ለእርስዎና ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን፣ ከአክብሮቴም የተረፈውን ትዕግስቴን ጭምር አሽጌ እልካለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ፣
ሂርጳ ዲንሳ
ቀድሞ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ በእናንተ መዝገብ የሌለ ዳኛ

ግልባጭ፦
— ለሜዳው በር (ተለጥፏል)
— ለዳዲ ዲኤስቲቪ ቤት (በእረፍት ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነበባል)
— ለኦቦ መርጋ፣ ጉደር (እንዳይስቅ)

ፖስታው ከታሸገ በኋላ የተጨመረ፦ ዛሬ እሑድ ከጸሎት ቤት ስመለስ ጉታ የለም። ማልያውን አጥቦ ገመድ ላይ አስጥቶታል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል፣ ስለዚህ ሩቅ አልደረሰም። የማክሰኞውን ስብሰባ ወደ ሰኞ ብታመጡት ደግ ነበር፤ ደንቡ ካልፈቀደ ግን አትቸኩሉ፣ የሻይ እረፍታችሁም አይቅር። ስትወስኑ ለእኔ ደብዳቤ አትጻፉ፤ የእናንተ ወረቀት አምቦ እስኪደርስ ልጅ ሱዳን ይደርሳል። ለእሱ ደውሉለት። ስልክ ቁጥሩን ቅጣቱን ለመንገር ስትፈልጉት ወዲያው ነበር ያገኛችሁት። ስልኩ እስከ ድንበሩ፣ እስከ መተማ ድረስ ይሠራል አሉኝ።