ከዓርብ እስከ ሰኞ

ሰኞ፣ መጋቢት 4
የኩላሊት እጥበት። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ። ክብደቴ ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምሮ ተገኘ። ሲስተር "ይኼን ሁሉ ውሃ በማን ፈቃድ ጠጣሽው?" ብላ ተቆጣችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት... የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ።

ታናሽ ወንድሜ እንደ ወትሮው ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። ሁለት ዓመት ሲያመላልሰኝ አንድም ቀን ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ መርፌ ማየት ይፈራል። መኪና ውስጥ ሁለት የመግቢያ ካርድ ሰጠኝ። ሮኬት ሲወነጨፍ ለማየት! ቅዳሜ ጠዋት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስንቱን ሮኬት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ አስወነጨፍኩ... በዓይኔ በብረቱ ግን አንድም አላየሁ። አለቀስኩ።
"እትዬ፣ ካርዱን እንዳታረጥቢው፤ አያስገቡንም" አለኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6
ዕቅዱ ይኸው። ዓርብ ከእጥበት እንደወጣሁ ጉዞ፣ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ። ቅዳሜ ማየት፣ እሑድ መመለስ፣ ሰኞ ወንበሬ ላይ። ሐኪሙ ፈቀደ። "ሰኞን ግን እንዳታሳልፊ፤ ልብሽ ቀጥ ይላል" አለኝ። እንዲህ በግልጽ።

ሲመልሰኝ ወንድሜ ያንኑ ወሬ አነሳ። ተመርምሬ ኩላሊቴን ልስጥሽ። ሁለት ሕፃናት ያሉት ሰው! "ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ" አልኩት። እስከ ቤት አኮረፈ።

ዓርብ፣ መጋቢት 8
ከጎኔ የሚታጠበው ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነው። "ሰኞ ከቀረሽ ቀይ ካርድ ነው" አለኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9
ነፋስ። ወደ ነገ ተላለፈ። ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ ውሃውን ያንደቀድቃል፤ እኔ በረዶ እመጥጣለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 10
ሮኬቱን ቆሞ አየሁት። ነጭ፣ ከሩቅ ጠመኔ ነው የሚመስለው። ቆጠራው አራት ደቂቃ ሲቀረው ቆመ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው አሉ። ሰኞ!

ወንድሜ ሳይጠይቀኝ "ሐኪም ቤት ደውዬ ለማክሰኞ አስቀይሬያለሁ" አልኩት። አመነኝ። አልደወልኩም። ማክሰኞ ባዶ ወንበር እንደሌለም አውቃለሁ። እግሬ አብጧል። ልቤም ይዘላል... ድካም ይሆናል? አንድ ቀን ምን ያመጣል? ምን እንደሚያመጣማ ተነግሮኛል። ግን ማየት እፈልጋለሁ። በቃ፣ እፈልጋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 11
ታወቀብኝ። ትናንት አመሻሽ ላይ ዳኛው ለወንድሜ ደወለ፤ ኮሪደር ላይ ስለ ኳስ ሲያወሩ ስልክ ተለዋውጠዋል። "ነገ ትደርሳላችሁ አይደል?" ሲለው፣ ወንድሜ ለማክሰኞ ተቀይሯል አለው። "ማን ቀየረላት?" የሚለው የዳኛው ጩኸት ከስልኩ እኔ ድረስ ተሰማ።

ወንድሜ አልጮኸም። ሻንጣዬን አንስቶ መኪና ላይ ጫነ። አንድ ቀን እኮ ነው አልኩት።
"ሮኬት መቼ ጠፋ? ሌላ እህት ከየት ላመጣ ነው?"
ሌሊቱን ሙሉ ነዳ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ዳኛው ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለው። ሮኬቱ ተነሳ። ጭስ፣ እሳት፣ ከዚያ ትንሽ ነጥብ... አለቀ። ሲስተር ክብደቴን አይታ እንኳ አልተቆጣችኝም። አፈርኩ። ልጆቹን እንዳልጎዳ ብዬ ኩላሊቱን እንቢ እላለሁ፤ እህቱን ግን ልነጥቀው ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13
"የዚያ የምርመራ ነገር..." አልኩት። መኪናውን ዳር አስያዘ።
"ምን አልሽ?"
"እሺ ነው የምልህ።"
አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ነገ ሐሳብሽን ብትቀይሪ አልሰማሽም" አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 21
ዛሬ የእኔ ቀን አይደለም፣ የእሱ ነው። የደም ምርመራ። ይገጥም አይገጥም ገና አልታወቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፎ ገባ። ሲስተር መርፌውን ስታወጣ ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑን ጨፈነ።
"እትዬ፣ ገባ?"
"ገና ነው።"
እጁን ያዝኩት። ልቡ መዳፉ ውስጥ ይመታል። ከአሥር ወደ ታች ቁጠር አልኩት። ጀመረ። አራት ላይ ሲደርስ ቆመ።
"ቀጥል" አልኩት።
ቀጠለ።